ትንሿ ጣት ትጠብቅ

ካምዎክያ፣ ካምፓላ
የካቲት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ወሰንየለሽ፣

እንዴት ሰነበቱ? እናትዎስ? እግራቸው ተሻላቸው ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። «ደህና ነን» ስል እርስዎ እንደሚገባዎት አድርገው ይውሰዱልኝ።

መልስ ስላዘገየሁ ይቅርታ። ደብዳቤዎን ነጋዴዋ ሪሃና ከደሴ ስትመለስ ለሱቃችን ካመጣችው በርበሬ ጋር ሰጠችኝ። ፖስታው እስካሁን በርበሬ ይሸታል። ስለ እህቴ ስለ ተስኒም የጻፉትን ሳነብ ዓይኔን ያቃጠለኝ የቱ እንደሆነ አላውቅም። አባቴም አነበበው። እናቴ ግን «አንብብልኝ» አላለችም፣ እኔም አላነበብኩላትም። ተስኒም ኅዳር ላይ ከሞተች ወዲህ በቤታችን ስሟን የሚጠራው እንግዳ ብቻ ነው።

ለጥያቄዎ መልስ፦ አዎ፣ እጫወታለሁ፤ ግን ድምፅ አላሰማም። ኪቦርዱን ሳላበራ ነው የምጫወተው። እናቴ በሚቀጥለው ክፍል የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። የተስኒምን ሙዚቃ በድንገት ብትሰማ ምን እንደምትሆን አላውቅም፣ ልሞክረውም አልደፈርኩም። ያልበራ ኪቦርድ ሲመቱት ጠቅ ጠቅ ብቻ ነው የሚለው። ሙዚቃውን እኔ ከጭንቅላቴ እሞላዋለሁ። አንዳንዴ እናቴ ክር ስትቀይር የስፌት መኪናዋ ይቆማል፤ ያኔ ጠቅታው እንዳይረብሻት ቀስ እላለሁ።

አሁን የምጽፍልዎት ምክር ፈልጌ ነው። በግንቦት የትምህርት ቤቶች የፒያኖ ውድድር አለ። የሙዚቃ መምህራችን ሚስተር ሙጌርዋ ሊያስመዘግቡኝ ይፈልጋሉ። እገባለሁ ወይስ አልገባም፣ ከገባሁስ ምን እጫወታለሁ የሚለውን ይህ የትምህርት ተርም ሳያልቅ ልነግራቸው ይገባል። በደንብ የማውቀው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዋልስ የሚባለው ያ ቀርፋፋ የዳንስ ዜማ። እርስዎ ካምፓላ እያሉ ለተስኒም አስተማሯት፣ እሷ ደግሞ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ለእኔ። ያኔ ኖታ ማንበብ ስለማልችል የተማርኩት ጣቶቿን እያየሁ ነው።

ሚስተር ሙጌርዋ የታተመውን ኖታ ይዘው በትምህርት ቤቱ ፒያኖ ላይ ሰሙኝ። ስጨርስ መነጽራቸውን አውልቀው፣

«ይህን ማን ነው ያስተማረህ?» አሉኝ።

«እህቴ።»

«እህትህ ሦስት ቦታ ላይ ከደራሲው ጋር ተጣልታለች» አሉና ወዲያው ደንግጠው «ይቅርታ፣ ኡዋይስ» አሉኝ። እኔ ግን አልተከፋሁም። ተስኒም ከማን ጋር ያልተጣላችው አለ?

ሦስቱን ቦታዎች ስመረምር ሰነበትኩ። አንደኛው መጨረሻው አካባቢ ቀኝ እጅ ወደ ላይ ርቆ የሚወጣበት ነው። የእኛ ኪቦርድ አጭር ስለሆነ እዚያ ሳይደርስ ያልቃል፤ ስለዚህ ዜማውን ወደ ታች መልሳዋለች። ሁለተኛው መሀል ላይ ያለች አንዲት ኖታ ናት። እሷን ዘላታለች፤ ቁልፏ ጁስ ከፈሰሰባት ጀምሮ አትሠራም። እነዚህ ገቡኝ። ሦስተኛው ግን አልገባኝም። ዜማው በሚታጠፍበት ቦታ ግራ እጅ ሁለት ኖታ አንድ ላይ ይመታል፤ አንዱ ወፍራም ከታች፣ ያው ኖታ ቀጥኖ ከላይ። ተስኒም ያስተማረችኝ የላይኛውን ብቻ ነው። የታችኛው ቁልፍ እኮ አለ! ይሠራል! ለምን ተወችው?

ስለወደደችው ይመስለኛል። እንደዚያ ከሆነ እንደ እሷ ነው የምጫወተው። ሚስተር ሙጌርዋ «ዳኞቹ ስህተት ይሉታል» ይላሉ። ይበሉ። ግን መጀመሪያ ምክንያቱን ማወቅ እፈልጋለሁ። እርስዎ ያስተማሯት እንደዚያ አድርገው ነው?

አክባሪ ልጅዎ፣
ኡዋይስ ሙሐመድሰዒድ


ደሴ፣ የካቲት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኡዋይስዬ፣

ጾሙ እንዴት ይዟችኋል? ዘንድሮ የእናንተም የእኛም ገጥሟል። የሰፈራችን ሻይ ቤት ባለቤት «ሁላችሁም አንድ ላይ ጨከናችሁብኝ» እያለ ወንበሩን ሲጠርግ ይውላል። እናቴ ደህና ናት፤ እግሯ አልዳነም፣ አፏ ግን ሙሉ ጤና ላይ ነው።

በሪሃና ስልክ በላክኸው መልእክት «ቀድቼ ልላክልዎ?» ላልከኝ፣ አትላክ። ኔትወርኩ ግማሹን ይበላዋል። ደግሞም ስትቀዳ ጎበዝ ሆነህ ለመታየት ትሞክራለህ፤ ስትጽፍልኝ ግን እጅህን ማየት ግድ ይሆንብሃል። ጻፍልኝ።

እኔም ብሆን ፒያኖ የለኝም። በእናቴ አልጋ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው የምጫወተው። «ወሰንየለሽ፣ በር ተንኳኳ መሰለኝ፤ እንግዳ መጣ?» ትለኛለች። «አይ፣ ዋልስ ነው» እላታለሁ። «ታዲያ ግባ በይው» ትላለች።

የጻፍክልኝን ቦታ ጠረጴዛው ላይ ደጋግሜ አየሁት። አይ፣ እኔ እንደዚያ አላስተማርኳትም። ሁለቱንም ኖታ ነው ያስተማርኳት፤ አጥብቄም ነው ያስተማርኳት። ስለዚህ ጥያቄህ የእኔም ጥያቄ ሆኖ እንቅልፍ ነሳኝ።

ሁለት ነገር ንገረኝ። አንደኛ፣ ያንን የላይኛውን ኖታ በየትኛው ጣት ነው የምትመታው? ያኔስ የቀሩት ጣቶችህ የት ናቸው? ከማስታወስ አትመልስልኝ፤ ተጫወትና እይ። ሁለተኛ፣ እሷ ራሷ ስትጫወተው እንዴት ነበር? ሰው የሚያስተምረውና የሚያደርገው አንድ ላይሆን ይችላል።

በዚያው መልእክት ከሐዘን ቤት ወጥቶ ውድድር መግባት ነውር እንደሆነ ለጠየቅከኝ፣ ይህን እኔን አትጠይቀኝ። የሚጠየቅ ሰው እዚያው ቤት ውስጥ አለ። የማንን ስም እንዳልጻፍኩ ታውቃለህ።

እትዬ ወሰንየለሽ


ካምዎክያ፣ መጋቢት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ወሰንየለሽ፣

እንዴት ሰነበቱ? ለእናትዎ «ዋልሱ ሰላም ብሎዎታል» ይበሉልኝ።

ረመዳኑ እየተገባደደ ነው። ስለ ማፍጠሪያችን ጠይቀውኝ ነበር፤ ደህና ነው፣ ሳምቡሳው አለ፣ ሾርባው አለ። ተስኒም ዋንዴገያ ካለው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሆስቴሏ ስትመጣ ግን በየጊዜው ሮሌክስ፣ ያንን በቂጣ የተጠቀለለ እንቁላል፣ በጋዜጣ አድርጋ ታመጣ ነበር። እናቴ «እኔ ቤት በሳምቡሳ ላይ ቻፓቲ በእንቁላል!» ብላ ትቆጣና መጀመሪያ የምትቆርሰው እሷው ናት። ዘንድሮ ማንም ሮሌክስ አልገዛም። እኔ አንድ ቀን ልገዛ ቆሜ ተመለስኩ።

አባቴን ሱቅ ውስጥ ጠየቅኩት።

«አባዬ፣ ውድድሩን ብገባ ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ማለቱ አይቀርም። አንተ የምትፈራው ግን ሰውን ነው ወይስ እናትህን?»

«እማዬን።»

«እኔም» አለ። ከዚያ ለደንበኛ ስኳር መመዘን ጀመረ። ሲጨርስ «እሷን ጠይቃት» አለኝ። አልጠየቅኳትም። እርስዎም ይህንኑ እንዳሉኝ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ገና ነኝ።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። የላይኛውን የምመታው በአውራ ጣቴ ነው። ያልበራው ኪቦርድ ላይ ደጋግሜ አየሁት፤ ድምፅ ከሌለ እጅ ብቻ ነው የሚታየው። አውራ ጣቴ ሲወርድ ትንሿ ጣቴ ወደ ጎን ተዘርግታ አየር ላይ ትቆማለች። ምንም አትሠራም፣ አትታጠፍም። ቦታው ሲያልፍ ትመለሳለች።

ይህን ከእኔ በፊት ያየው የክፍል ጓደኛዬ ኢስሀቅ ነው። ትምህርት ቤት ስለማመድ አጠገቤ ቆሞ፣ «ጣትህ እንደ ቦዳ ሞተር መስታወት ወደ ጎን ወጣ እኮ! ከኋላህ ማን እየመጣ ነው?» እያለ ይስቃል። ደበደብኩት፤ ትንሽ ነው፣ አይጨነቁ። ከዚያ ግን ትዝ አለኝ። ተስኒም ነች ያስለመደችኝ። ጣቴን ሳጥፈው በእርሳስ መታ ታደርገኝና «ትንሿ ትጠብቅ!» ትለኝ ነበር። ምን እንደምትጠብቅ ጠይቄያት አላውቅም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ «ጠብቅ» ሲሉት ይጠብቃል።

ለሁለተኛው ጥያቄዎ ዋንዴገያ ሄድኩ። ሳሌም የምትባል ከተስኒም ጋር አንድ ክፍል ትኖር የነበረች ልጅ አለች፤ አዲስ አበቤ ናት። በሩን ስትከፍትልኝ ቁመቴን አይታ «ወይኔ፣ ረዘምክ!» ብላ አለቀሰች። የተስኒም አልጋ ላይ ሌላ ልጅ ገብታበታለች፤ የማላውቀው አንሶላ ነበር። ሳሌም ስልኳ ላይ ቪዲዮ አላት። ተስኒም በዩኒቨርሲቲው አዳራሽ በትልቁ ፒያኖ ዋልሱን ስትጫወት ነው። ድምፁን ዘግቼ አየሁት። እርስዎ ብቻ ይወቁት፣ በድምፁ ላየው አልቻልኩም።

እትዬ፣ ሁሉንም ነው የምትጫወተው። ቁልፎቹ ስላሉ ቀኝ እጇ እስከ ላይ ይወጣል። ጁስ የፈሰሰባትን ኖታም ትመታታለች፤ እዚያ ፒያኖ ላይ ቁልፏ ይሠራል። ዜማው ሲታጠፍ ደግሞ ግራ እጇ ሁለቱንም ኖታ ይመታል። አውራ ጣቷ ከላይ፣ ትንሿ ከታች። ደጋግሜ አየሁት፤ ሁለቱንም ነው።

ስለዚህ እኔ «የእሷ አጨዋወት» የምለውን እሷ አልተጫወተችውም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ለውጦች ለኪቦርዱ ነበሩ። ሦስተኛውስ ለምን ነበር? ለምን ለእኔ ጎዶሎውን ሰጠችኝ? ትንሽ ተናድጄባታለሁ። ሞታ ስናደድባት ያስፈራኛል፤ ግን ጥያቄው አይለቀኝም።

ለሚስተር ሙጌርዋ አሁንም መልስ አልሰጠሁም።

ኡዋይስ


ደሴ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኡዋይስዬ፣

ኢድ ሙባረክ፣ ቢዘገይም። እናንተ ጨረሳችሁ፣ እኛ ገና ሽሮ ላይ ነን።

ኢስሀቅን ይቅርታ ጠይቀው። ያየልህ ነገር ትልቅ ነው።

ደብዳቤህን ሳነብ «ትንሿ ትጠብቅ» የሚለው ጋ ስደርስ ወረቀቱን አስቀመጥኩት። እናቴ «ምን ሆንሽ?» አለችኝ። ረስቼው የነበረ ነገር ነው የመጣብኝ።

አንድ ቀን ተስኒም ለትምህርት ወደ ቤቴ ስትመጣ ዝናብ አብስብሷት ነበር። ፎጣ ሰጠኋት። ፀጉሯን እያደረቀች፣

«እትዬ፣ ዋልሱን ለኡዋይስ ላስተምረው ነው» አለችኝ።

«አብደሻል? የዚያ ልጅ እጅ የት ይደርሳል? ቀላል ነገር ስጪው።»

«ይደርሳል።»

«መቼ?»

«ሲደርስ ነዋ!»

ከዚያ ምን እንዳለችኝ ልንገርህ። «እማዬ ዩኒፎርም ስትሰፋ ጨርቁን በልጁ ቁመት አትቆርጠውም። ትርፉን ወደ ውስጥ አጥፋ ትሰፋዋለች። ልጁ ሲረዝም ስፌቱን ፈታ ታወርድለታለች። አዲስ ሱሪ አያስፈልገውም» አለችኝ። እኔ ሳቅኩባት። «ሙዚቃ ሱሪ ነው እንዴ?» አልኳት። «ለኡዋይስ አዎ» አለች። ከዚያ ትምህርታችንን ጀመርን፣ እኔም የተወችው መስሎኝ ረሳሁት። እንዴት እንዳደረገችው የነገርከኝ አንተ ነህ።

እስቲ አስብ። አንድ ኖታ ብቻ እንድትመታ ብትፈልግ ኖሮ እዚያ ቦታ የሚቀለውን መሀል ጣትህን ትሰጥህ ነበር። በአውራ ጣት መምታት የሚያስፈልገው ትንሿ ጣት ከታች ሥራ ሲኖራት ብቻ ነው። የዘጠኝ ዓመት እጅህ ሁለቱን ቁልፍ አይደርስም ነበር። ስለዚህ ኖታውን ወሰደችና ጣትህን ቦታው ላይ አቆመችው። ጎዶሎ አይደለም የሰጠችህ።

አንድ ነገር አድርግ። ግራ እጅህን ኪቦርዱ ላይ ዘርጋና የት እንደምትደርስ እይ።

ምን እንደምትጫወት እንድነግርህ ትጠብቃለህ፤ አልነግርህም። እንደለመድከው ብትጫወተው ማንም አይወቅስህም፤ ኖታ የያዘ ዳኛ ካልሆነ በቀር። ውድድሩንም ብትተወው እኔ አልቀየምህም። ግን እናትህን ሳትጠይቅ እንዳትተወው።

እትዬ ወሰንየለሽ


ካምዎክያ፣ ሚያዝያ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ወሰንየለሽ፣

እንኳን ለፋሲካ በሰላም አደረሰዎት። ኢስሀቅን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። «ክፍያው ሮሌክስ ነው» አለኝ፤ ገዛሁለት፣ ለእኔም ገዛሁ።

እጄ ይደርሳል። ደርሶም ይተርፋል። መቼ እንደደረሰ ግን አላውቅም። ተስኒም ሆስቴል ከገባች በኋላ ዋልሱን አብረን አልነካነውም ነበር። «ዕረፍት ላይ እንመለስበታለን፣ የምነግርህ ነገር አለ» ብላኝ ነበር፤ እኔ አዲስ ዘፈን መስሎኝ ነበር።

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ በኋላ ግን በዋልሱ ውስጥ ወዲያው አልሞከርኩትም። ለምን ብለው ይጠይቁኛል፣ አውቃለሁ። ትንሿ ጣቴ «ትጠብቅ» ተብላ እየጠበቀች ነው። ካወረድኳት የተስኒም ትእዛዝ ያልቃል። ከዚያ በኋላ የምታዘኝ ሌላ ነገር የለም። ስለዚህ እዚያ ቦታ ስደርስ አቆምና እንደገና ከመጀመሪያው እነሳለሁ። ስንት ጊዜ እንደሆነ አይጠይቁኝ።

ትናንት ከትምህርት ቤት መጥቼ ዩኒፎርሜን ሳልቀይር ተቀመጥኩ። ኪቦርዱ እንደ ሁልጊዜው አልበራም። በሚቀጥለው ክፍል የእናቴ መኪና ይንጣጣል። ዜማው የሚታጠፍበት ስደርስ አላቆምኩም። አውራ ጣቴም ትንሿም አንድ ላይ ወረዱ። ጠቅታው ወፍራም ነበር።

የእናቴ መኪና ቆመ።

«ኡዋይስ!»

«አቤት፣ እማዬ።»

«እዚያ ጋ አንድ ነበር የምትመታው።»

«የት ጋ?» አልኳት፣ እንዳልገባኝ ሆኜ።

«መታጠፊያው ጋ ነዋ። አሁን ሁለት ነገር ነው የወደቀው። ድገመው እስቲ።»

ደገምኩት። መጋረጃውን ገልጣ ገባች፤ አንገቷ ላይ ሜትር፣ አፏ ላይ ሁለት መርፌ።

«ትሰሚ ነበር እንዴ?»

መርፌዎቹን ከአፏ አውጥታ ልብሷ ላይ ሰካቻቸው። «ግድግዳው ጣውላ ነው። ስትሳሳት ራሱ አውቃለሁ። መኪናዬ የሚቆመው ለምን ይመስልሃል?»

«ክር ስትቀይሪ።»

«ይህን ሁሉ ክር ማን ይገዛልኛል?» አለችኝ።

ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት። የእርስዎን ደብዳቤ፣ ቪዲዮውን፣ ተስኒም በዝናቡ ቀን ስለ ሱሪው ያለችዎትን። ስሟንም ጠራሁ። ግራ እጄን ወስዳ ትንሿን ጣቴን በሁለት ጣቷ ይዛ ቆየች፣ የጨርቅ ጫፍ እንደምትይዘው። ውድድሩን ልጠይቃት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«አብራው» አለች።

«ድምፁን ምን ያህል ላድርገው?»

«እንደ ድሮው።»

አበራሁት። ዛሬ ጠዋት ለሚስተር ሙጌርዋ ነገርኳቸው። እገባለሁ፤ ዋልሱን፣ እንደተጻፈው።

ኡዋይስ


ካምዎክያ፣ ግንቦት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ወሰንየለሽ፣

እንዴት ሰነበቱ? የእናትዎን እግር መሻል ከሪሃና ሰምተን ደስ ብሎናል።

በሪሃና በኩል የጠየቁኝን ሁሉ በቅደም ተከተል አልመልስም፤ ተቻኩያለሁ፣ ሪሃና ሻንጣዋን እየዘጋች ነው። አላሸነፍኩም። ያሸነፈችው ከናጉሩ የመጣች ልጅ ናት፣ ይገባታል። አዳራሹ ትልቅ ነበር፣ አባቴ ሱቁን ዘግቶ መጣ፣ እናቴም መጣች። ቀኝ እጄ እስከ ላይ ወጣ። መታጠፊያው ጋ ሁለቱም ወረዱ። በትልቅ ፒያኖ ላይ የታችኛው ኖታ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ ብዬ ነበር፤ አላውቅም ነበር። ወንበሩ ድረስ ይሰማል።

ከዳኞቹ አንዷ ግን «አንዲት ኖታ ጎድላለች» ብላ ጽፋብኛለች። እውነቷን ነው። ጁስ የፈሰሰባት ናት። እዚያ ቁልፏ ደህና ነበረ፤ ጣቴ ግን ከልምድ የተነሳ ዘለላት። ለእናቴ ሳነብላት በመንገድ ላይ ቆማ ሳቀች፤ ከኅዳር ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አልሰማሁም።

«ጁሱን ያፈሰስከው አንተ አይደለህ እንዴ?» አለችኝ። «ኖታዋ ሐቋን ተቀበለችህ።»

ምን ለብሰህ ነበር ላሉኝ፣ የትምህርት ቤት ሱሪዬን ነው። አጥሮብኝ ስለነበር እናቴ በዋዜማው አንዱን እጥፋት ፈታ አወረደችው። ውስጥ የነበረው ጨርቅ ፀሐይም ሳሙናም አልነካውም፤ ከላይኛው ይልቅ ይጠቁራል። ስለዚህ ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ዙሪያውን መስመር አለው። ኢስሀቅ «ሱሪህ ካልሲ አድርጓል» አለኝ። እናቴ መስመሩን በጥብጣብ ልትሸፍነው አስባ ነበር።

«ተይው፣ ይታይ» አልኳት።

ተወችው። ወደ መድረኩ ስሄድ ግን ጠራችኝና ጎንበስ ብላ የሱሪውን ጫፍ ዳሰሰች።

«አንድ እጥፍ ገና አለህ» አለችኝ።

አክባሪ ልጅዎ፣
ኡዋይስ